ሪማ የማትሳፈርባት ላዳ

አንዲት ሚስት ከባሏ መኪና ወርዳ በእግሯ ወደ ቤቷ ስትሄድ ለማየት ሁለት ዓይን ይበቃል፤ ለማውራት ግን መላው የሶስኖቭካ ከተማ ያስፈልጋል። ባለፈው መስከረም ሪማ አርካዲየቭና የእንጉዳይ ባልዲዋን አንጠልጥላ፣ ከካማ ወንዝ መሻገሪያ እስከ ቤቷ ዘጠኝ ኪሎ ሜትር በእግሯ ስትመጣ ያየቻት ወተት ሻጯ ኒና ብቻ ነበረች። ይሁን እንጂ ሪማ ቤቷ ገብታ ባልዲውን ከማስቀመጧ በፊት ወሬው ቀድሟት ደርሶ፣ ሻይ ጠጥቶ፣ ልጅ ወልዶ ነበር። አንደኛው ወሬ ባሏ ቬኒያሚን ሉኪች መንገድ ላይ ሌላ ሴት አሳፍሯል አለ። ሁለተኛው ሪማ የድንች ከረጢት ውስጥ የተደበቀ ቮድካ አግኝታበታለች አለ። ሦስተኛውን ያወራችው የገዛ እህቷ ስለሆነች እዚህ አንጽፈውም።

እውነቱ እንደ ሁልጊዜው ከወሬው ያነሰ ነበር። የቬኒያሚን ላዳ ስድስት ከረጢት ድንች ጭና ወደ መሻገሪያው የሚያደርሰውን ቁልቁለት ስትወርድ መቆም በነበረባት ቦታ ላይ አልቆመችም። ወረደች፣ አሁንም ወረደች፣ በመጨረሻ የጀልባው መግቢያ የተዘጋበት ሰንሰለት ላይ አፍንጫዋን አስደግፋ ቆመች። ከሰንሰለቱ ወዲያ ወንዝ ነው። በዚያ ሁሉ ቁልቁለት ቬኒያሚን ሲያወራ የነበረው ዘንድሮ የካማ ውሃ ስለ መጉደሉ ነው። ሲቆሙም «ደረስን» አለ እንጂ ሌላ ቃል አልወጣውም። ሪማ በሩን ከፈተች፣ ባልዲዋን ያዘች፣ «ከዛሬ ወዲያ እዚህች መኪና ላይ አልወጣም» ብላ ወንዙን በጀልባው ተሻግራ መንገዷን በእግሯ ቀጠለች።

ቤት ውስጥ ግን ኩርፊያ የሚባል ነገር የለም። ታበስላለች፣ ታጥባለች፣ ትስቃለች፣ ቴሌቪዥን አብራው ታያለች። የመኪና ነገር ሲነሳ ብቻ «አይ፣ አልሳፈርም» ትላለች፤ ያውም ጨው ይጨመርልሽ ወይ ተብላ አይ እንደምትል ሰው ረጋ ብላ። ቬኒያሚንን የገደለው ይህ መረጋጋቷ ነው። ብትጮህበት ኖሮ ምን እንደሚል ያውቅ ነበር።

ሰውየው ስልሳ ሦስት ዓመቱ ነው። ሃያ ሁለቱን ዓመት የጡብ ፋብሪካውን ዳይሬክተር ጥቁር ቮልጋ መኪና ሲነዳ ኖሯል። የዳይሬክተር ሾፌር ሥራ መንዳት ብቻ አይደለም፤ ከኋላ የተቀመጠው ሰው ምንም ነገር እንዳያውቅ ማድረግ ነው። ጎማ ቢተነፍስ «ትንሽ ንጹሕ አየር እንውሰድ» ይባላል። ነዳጅ ቢያልቅ «ይህ ጫካ እንዴት ያምራል፣ አንድ አፍታ አንቆምም?» ይባላል። ሥራውን ያስተማረው አሮጌ ሾፌር ሕጉን ባጭሩ ነበር የነገረው፦ ጌታው ተኝተው ከሆነ መኪናው እሳት ቢይዝ እንኳ በቀስታ ይንደድ። ቬኒያሚን ይህን ሕግ እንደ ጸሎት ይዞ ኖረ። አንድ ጊዜ ማርሹ ሦስተኛ ላይ ተነክሶ ቀርቶበት ሰማንያ ኪሎ ሜትር በዚያችው በሦስተኛ ሲነዳ፣ ዳይሬክተሩ ከእንቅልፋቸው ነቅተው «ዛሬስ ተረጋግተህ ነድተሃል» ብለው አመሰገኑት። ይህን ታሪክ ሶስኖቭካ ውስጥ ያልሰማ ካለ ትናንት የተወለደ ነው።

ፋብሪካው ተዘጋ፣ ዳይሬክተሩ ሄዱ፣ ቮልጋው የት እንደገባ የሚያውቅ የለም። ለቬኒያሚን የቀሩት ላዳዋና ከጎኑ ያለው ወንበር ናቸው። በዚያ ወንበር ላይ ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ሪማ ተቀምጣለች። የሱፍ ፍሬ እየፈለፈለች፣ ሳይጠይቃት መዳፉ ላይ ታስቀምጥለታለች፤ እሱም ዓይኑን ከመንገዱ ሳይነቅል ይበላል። ስለ ፍቅር ምንም ተናግሮ አያውቅም፤ ይህንን ግን የሚቆጥረው እንደዚያው ነበር። አሁን ወንበሩ ባዶ ሆነ።

ባዶ ሆኖ ቢቀር እንኳ ምንም አልነበረም። ሪማ ቅዳሜ ቅዳሜ ገበያ የምትሄደው በዙልፋት መኪና ሆነ። ዙልፋት ከላይ ፎቅ የሚኖር ታታር ነው፤ የፋብሪካው ኤሌክትሪሻን ነበር፤ ጋራዡም ከቬኒያሚን ጋራዥ ጎን ነው፤ የምላሱን ስለት ደግሞ ሚስቱ አልሱ እንኳ አትችለውም። ገበያ የሚሄዱት ሁለቱ ሴቶች ከኋላ፣ እሱ ከፊት ሆነው ነው፤ ምንም ክፉ ነገር የለበትም። ቬኒያሚን ግን በመስኮት እያየ ከንፈሩን ይነክሳል። ወተት ሻጯ ኒና አንድ ቀን ወተቱን እየቀዳችለት፣ የጫማ ሠሪ ሚስት በባዶ እግሯ ስትሄድ አይታ እንደምታውቅ፣ የሾፌር ሚስት ግን በሰው መኪና ስትሄድ ማየቷ የመጀመሪያዋ እንደሆነ ነገረችው። ወተቱን ትቶላት ወጣ።

በዚያው ሳምንት ቆረጠ። በፊት ጎማዎቹ ላይ ብቻ የነበረውን ዲስክ ፍሬን ከኋላም ሊያስገባ፣ ያን አሮጌ የታምቡር ፍሬን አውጥቶ ሊጥል፣ ላዳዋ ድንች ብትጭን፣ ተራራ ብትጭን፣ በተባለችበት ቦታ የምትቆም ሊያደርጋት። ይህንን ያሰበው ጮክ ብሎ ስለነበር በማግስቱ ሁሉም ያውቅ ነበር።

ከባቡር ሐዲዱ ማዶ ያሉት ጋራዦች መቶ አርባ ናቸው፤ መኪና ያለባቸው ሠላሳ ቢሆኑ ነው። የቀሩት ወንዶች ከሚስቶቻቸው የሚያርፉባቸው፣ የጎመንና የኪያር ኮምጣጤ ማሰሮ የሚቀብሩባቸው ናቸው። የሁሉም አለቃ ፖታፒች ይባላል። ሰማንያ ዓመት አልፎታል፤ መኪና ካጣ ሃያ ዓመቱ ነው፤ ምክር ግን ጎድሎበት አያውቅም። ክረምቱን ሙሉ የቬኒያሚን ጋራዥ ምድጃ አጠገብ በርጩማው ላይ ተቀምጦ ሥራውን በአፉ ሠራው።

የኋላ ጎማዎቹ ወለቁ። የቀኝ ታምቡር ከዝገቱ ጋር ሠላሳ አንድ ዓመት አብሮ ስለኖረ አልለያይ አለ። ቬኒያሚን በእንጨት መዶሻ መታው፣ ዘይት ቀባው፣ የፈላ ውሃ አፈሰሰበት፣ ደግሞ መታው። ፖታፒች ከምድጃው አጠገብ ሆኖ፣ ሴትና ታምቡር በዱላ እንደማይወጡ፣ ትዕግሥት እንደሚሹ አስተማረው። ዙልፋት አንገቱን በበሩ አስገብቶ፣ «እርስዎ ሦስት ሚስት የፈቱት በትዕግሥት ነው እንዴ፣ ፖታፒች?» አለው። ሽማግሌው አልተቀየመም። ሁለቱ በትዕግሥት እንደሄዱ፣ ሦስተኛዋ ግን በባቡር እንደሄደች መለሰለት። ታምቡሩ የወጣው በአራተኛው ቀን ነው።

ከዚያ በኋላ ያለው ሥራ ያምር ነበር፤ ማንም አይክድም። ቬኒያሚን በፋብሪካው ፍርስራሽ ውስጥ የቀረች አንዲት ማሽን ላይ ከወፍራም ብረት ሁለት ሳህን ቆርጦ፣ እያንዳንዱን ቀዳዳ በካሊበር እየለካ ሠራ። ሳህኖቹ በአክሰሉ ጫፍ ላይ ታሰሩ፤ በእነሱ ላይ ዲስኩን ከሁለት ወገን የሚጨብጡት ካሊፐሮች ተቀመጡ። ዲስኮቹን ከሌላ ዓይነት ላዳ አምጥቶ አስሞርዶ ልክ አስገባቸው። በእጁ ሲያሽከረክራቸው እንደ ሰዓት ያለ ድምፅ ይዞራሉ። አንድ ነገር ብቻ ጎደለ፤ ካሊፐሮቹ ለእጅ ፍሬን የተሠሩ ስላልነበሩ የእጅ ፍሬን የሚባል ነገር ቀረ። ቬኒያሚን በምትኩ ለጎማ መደገፊያ የሚሆን ግንድ ጠርቦ በልኩ ላገው።

ቤት ሲገባ ስለዚህ ሁሉ ለሪማ ይነግራታል። ሾርባው እየቀዘቀዘ ስለ ሳህኖቹ ውፍረት፣ ስለ ቱቦው፣ ስለ ፍሬን ሸራው ዓይነት ያወራል። ሪማ ክርኗን ጠረጴዛው ላይ አስደግፋ ዓይን ዓይኑን እያየች ትሰማዋለች። ሲጨርስ «ሌላስ?» ትለዋለች። «ሌላማ ቡሎኖቹን ማጥበቅ ነው» ይላታል። ሳህኑን ታነሳለች።

በየካቲት አጋማሽ የጠንቋዩ ጉዳይ መጣ። በኛ ጋራዦች ጠንቋይ የሚባለው ከላዳ ሆድ በታች፣ ከኋላው አክሰል ጋር በቀጭን ዘንግ የተያያዘ አንድ የብረት ዕቃ ነው። ከኋላ ከባድ ጭነት ካለ ለኋላ ፍሬን ብዙ ኃይል ይለቃል፤ ባዶ ከሆነ ይቆጥባል። እንዴት እንደሚያውቅ ግልጽ ስላልሆነ ነው ጠንቋይ የተባለው። ፖታፒች በርጩማውን አስጠግቶ ፍርዱን ሰጠ።

«ዲስክ ከገባ ጠንቋይ ይወጣል። ሁሉም የሚያደርገው ይህንን ነው።»

«ይህንን ያደረጉት ሁሉ የት አሉ ታዲያ?» አለ ዙልፋት። «ግማሾቹ ኮረብታው ላይ መቃብር ውስጥ ነው የተኙት።»

«እነሱን የገደላቸው ቮድካ ነው። ፍሬናቸው ደህና ነበር።»

ዙልፋት ሳይቀልድ ለማስረዳት ሞከረ። የኋላ ጎማ ከፊተኛው ቀድሞ ከተያዘ መኪና ጭራዋን ወደፊት ታመጣለች፣ ጠንቋዩ እዚያው ቦታው ይቆይ፣ ዲስኩም ቢሆን አያስፈልግም ነበር አለ። ቬኒያሚን ግን ኃይል ነበር የሚፈልገው፤ ኃይል የሚቆጥብ ነገር አይደለም። ጠንቋዩን ፈትቶ ቱቦውን በቀጥታ አገናኘው። ፖታፒች ዕቃውን ለመታሰቢያ ወደ ቤቱ ወሰደው።

የቀረው አየሩን ከፍሬን ቱቦ ማስወጣት ነው። ይህ የሁለት ሰው ሥራ ነው፤ አንዱ ፔዳል ረግጦ ይይዛል፣ ሌላው ከሥር ሆኖ የካሊፐሩን አፍ ከፍቶ ዘይቱን ከነአረፋው ያስወጣና መልሶ ይዘጋዋል። የረገጠው ሰው የካሊፐሩ አፍ ሳይዘጋ እግሩን ካነሳ አየሩ ተመልሶ ይገባል። ዙልፋት ጀርባውን ካርቶን ላይ አሳርፎ ከሥር ገባ። ቬኒያሚን ከላይ ተቀመጠ። ፖታፒች ያን ቀን ጉንፋን ይዞት ቤቱ ነበር።

«ርገጥ!»

«ረገጥኩ።»

«ያዝ!»

«ይዣለሁ።»

ዙልፋት የካሊፐሩን አፍ ከፈተ። ትንሽ ዘይት መጣ፣ ከዚያ አረፋው ተመልሶ ወደ ውስጥ ተሳበ። ዘጋው። እንደገና ጀመሩ። እንደገና አረፋ። በአምስተኛው ጊዜ ዙልፋት፣ «ሉኪች፣ ይህ መኪና ነው ወይስ የልብስ ሳሙና ፋብሪካ?» አለ። ቱቦው የሆነ ቦታ አየር ይስባል ብሎ እያንዳንዷን ዳዶ በባትሪ ፈተሸ፤ ምንም የለም። ወጥቶ ልብሱን አራገፈና የሾፌሩን በር ከፈተ።

ቬኒያሚን ጀርባውን ቀጥ አድርጎ፣ ሁለት እጁን መሪው ላይ አድርጎ፣ ዳይሬክተሩ ከኋላ እንዳሉ ያህል ወደፊት እያየ ተቀምጧል። ቀኝ እግሩ ከፔዳሉ ጎን ባዶውን ወለል በሙሉ ኃይሉ ይጫናል። 

«ይዘሃል?» አለው ዙልፋት።

«ይዣለሁ አልኩህ እኮ።»

ዙልፋት ቀልድ መስሎት ጠበቀ። ቀልዱ አልመጣም።

«ሉኪች፣ እስቲ እግርህን እየው።»

ቬኒያሚን ጎንበስ ብሎ አየ። አይቶም ብዙ አልተገረመም፤ የተጣለ ጓንቱን እንዳገኘ ሰው አነሣውና ፔዳሉ ላይ አስቀመጠው። «ወለሉ ያንሸራትታል» አለ።

የቀኝ እግሩ መደንዘዝ የጀመረው ካቻምና በጋ ነው። መጀመሪያ ትንሿ ጣት፣ ከዚያ የቀሩት ጣቶች፣ ከዚያ እስከ ቁርጭምጭሚቱ። ደሙ ውስጥ ስኳር እንዳለ ያውቃል፤ ከአምስት ዓመት በፊት ነግረውታል፤ እሱም ለማንም አልነገረም። አንድ ቀን ከገጠር ጎጆው ሲመለስ ቦት ጫማውን ሲያወልቅ ውስጡ ምስማር ተሰክቶ አገኘ። ምስማሩን በፒንሳ ነቀለ፣ ካልሲውን ምድጃ ውስጥ ጣለ። በመስከረም በዚያ ቁልቁለትም ፍሬኑ ደክሞ አልነበረም። ፍሬኑማ ደህና ነበር። እግሩ ወለሉን ሲጫን ነበር፣ እሱ ደግሞ ስለ ካማ ውሃ ሲያወራ። ያወቀው ከሰንሰለቱ አራት ሜትር ሲቀር ዝቅ ብሎ ሲያይ ነው። ከዚያ በኋላ ታምቡሩን ለመውቀስ የወሰነው እሱ ራሱ ነው፤ ወስኖም ከማንም በፊት አመነው። በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት የለውም ይባላል፤ ቬኒያሚን ግን ከሽሽጉ ብዛት መድኃኒቱን ለመኪናዋ ሰጣት። ታምቡር ይቀየራላ። እግር ከየት መደብር ይመጣል?

ዙልፋት የእጁን ዘይት በጨርቅ ጠረገ። ከዚያ፣ «ሐኪም ዘንድ ሂድ» አለው።

«ሐኪም መንጃ ፈቃዴን ይወስዳል።»

«ሌላው ሐኪም እግርህን ከሚወስድ ይኼኛው መንጃ ፈቃድህን ቢወስድ አይሻልም?»

«ለሪማ እንዳትነግር።»

«ሰውዬ፣ ይህንን ክረምት ሙሉ ያሳለፍከው ለማን ብለህ ነው? ለእሷ አይደለም?»

«ለእሷ ስለሆነ ነው እንዳትነግር የምልህ። ማል።»

ዙልፋት ከመስኮቱ ደፍ ላይ የነበረችውን የዳቦ ቁራሽ በእጁ ይዞ ማለ። ሶስኖቭካ ውስጥ ከዙልፋት አፍ ሳይወጣ የቀረ ምሥጢር ይህ ብቻ ነው። ለአልሱ እንኳ አልነገራትም። ይህንን እንደ ደግነት የቆጠረው እሱ ነው፤ ሌሎቻችን ዘግይተን ስንሰማው ምን ብለን እንደምንጠራው አላወቅንም።

ቦታ ተለዋወጡ። ዙልፋት ረገጠ፣ ቬኒያሚን ከሥር ገባ፤ በግማሽ ሰዓት አየሩ በሙሉ ወጣ። ፔዳሉ እንደ ድንጋይ ጠነከረ።

በመጋቢትና በሚያዝያ ቬኒያሚን ተዘግቶ በቀረው ፋብሪካ ደጃፍ ባለው ባዶ መንገድ ላይ ብቻውን ልምምድ ያዘ። እግሩ የማይነግረውን ነገር በሌላ መንገድ ማወቅ ጀመረ፤ በጭኑ ክብደት፣ በመኪናዋ አፍንጫ ወደ ታች ማዘንበል፣ በጎማው ድምፅ። እግሩ ፔዳሉን ማግኘቱን ለማረጋገጥ ደግሞ በዓይኑ ያያል፤ ፈጠን ብሎ ዝቅ፣ ፈጠን ብሎ ቀና። በመቶ ሜትር ርቀት አንድ የጥድ ዛፍ መርጦ፣ ሲሻው ከዛፉ ወዲህ፣ ሲሻው ልክ ከዛፉ ሥር ያቆማታል። ላዳዋ በእርግጥም እንደ ተራራ ትቆማለች። ወሬኞች፣ ሽማግሌው ለዛፍ መንጃ ፈቃድ ሊያስወጣለት ነው አሉ። እሱ ግን ደስ ብሎት ነበር። ከልቡ ደስ ብሎት ነበር፤ ይህንንም መመስከር ይገባል።

የሠራተኞች ቀን ደረሰ። በዚያ ቀን ከተማው ሁሉ መስኮት ላይ ያበቀለውን የቲማቲም ችግኝ በወተት ካርቶን ይዞ ወደየጎጆው ይወጣል። ሪማ እንደ ሌላው ጊዜ ከዙልፋት ጋር ልትሄድ ካፖርቷን ለብሳለች። ቬኒያሚን በሩ ላይ ቆመ። ብዙ ሊል አስቦ ነበር። የወጣው ግን «ፍሬኗ አዲስ ነው፣ ሪማ» የሚል ነው።

ሪማ ካርቶኖቹን እንደያዘች ትኩር ብላ አየችው።

«የምትነግረኝ ይኼው ነው?»

«አራቱም ጎማ ዲስክ ነው አሁን። አራቱም።»

ሪማ ተነፈሰች። ከዚያ ማንም ያልጠበቀውን አደረገች፤ ወርዳ ላዳዋ ውስጥ ገባች። ችግኞቹን ጭኗ ላይ አስቀመጠች። አልሱ መንገድ ላይ ሆና እልል ልትል ምንም አልቀራት። ኒና የወተት ጣሳዋን አስቀምጣ ቆመች። ቬኒያሚን ግንዱን ከጎማው ሥር እንደ ብርጭቆ በጥንቃቄ አነሣ፤ ስምንት ወር ሙሉ እንዲህ ያለ ዕቃ ጭኖ አያውቅማ።

ቀስ ብለው ነዱ። ዝናብ ካፊያ ጣል ጣል ያደርግ ነበር። ቬኒያሚን አወራ፤ ስለ ጥዱ ዛፍ፣ ስለ ሳህኖቹ፣ ጠንቋዩን እንዴት እንዳወጣው። ሪማ ትሰማዋለች፤ አንዳንዴ «እህ» ትላለች፤ አንዳንዴ ደግሞ አንድ ነገር የምትጠብቅ ይመስል ፊቷን ወደ እሱ ታዞራለች። እሱ ያንን እንደ አድናቆት ቆጠረው።

ዛሬችዬ ከተባለው መንደር መውጫ ላይ ዝይዎች መንገዱን ይሻገሩ ነበር። አሥራ አምስት ያህል ናቸው፤ የዝይ አካሄድ ደግሞ መቼም የታወቀ ነው፣ እንደ ባለሥልጣን ነው። ርቀቱ በቂ ነበር። ደህና እግር ላለው ለማንም ሰው ከበቂ በላይ ነበር። ቬኒያሚን ዝቅ ብሎ ለማየት ጊዜ አልነበረውምና በግምት ረገጠ፤ እግሩ ያዘዘውን አምስት እጥፍ አድርጎ ሰጠ። የኋላው ወንበር ባዶ ነው፣ መንገዱ እርጥብ ነው፣ ኃይሉን የሚቆጥብ ጠንቋይ ደግሞ ፖታፒች ቤት መደርደሪያ ላይ ተቀምጧል። የኋላ ጎማዎቹ ተያዙ። ላዳዋ ጭራዋን ወደ ግራ ወርውራ፣ አንድ ጊዜ በዝምታ ዞራ፣ ግንባሯን ወደመጡበት አቅጣጫ አድርጋ መንገዱ ዳር ጭቃው ውስጥ ቆመች። ሞተሩ ጠፋ። ዝይዎቹ አንዳቸውም አልተነኩ፤ ተሰብስበው ይሳደቡ ነበር።

ሪማ ችግኞቹን በሁለት እጇ አቅፋ ይዛለች። አንድም አልተሰበረም።

«ይኸው» አለ ቬኒያሚን ድምፁን አስተካክሎ፣ «ለመመለስ ብንፈልግ መዞር አያስፈልገንም።»

ሪማ አልሳቀችም።

«ቬኒያ» አለችው፣ «እግርህ ይሰማሃል?»

«እንዴት አይሰማኝም?»

«ባለፈው ረቡዕ ሶፋው ላይ ጋደም ብለህ፣ ካልሲህን ሳላወልቅልህ እዚያው እግርህ ላይ እንዳለ የሰፋሁልህ ቀን ትዝ ይልሃል?»

«አዎ። ምነው?»

«በመርፌ ወጋሁህ። ሦስት ጊዜ። በሦስተኛው ደም ወጣ። አንተ ስለ ፍሬን ሸራ ነበር የምትነግረኝ። አንድ ቃል እንኳ አላቋረጥክም።»

ዝናቡ መስታወቱ ላይ ይንጠባጠብ ነበር።

«በመስከረምም አይቼዋለሁ» አለች ሪማ። «እግርህ ወለሉ ላይ ነበር። እኔ እግርህን እያየሁ አንተ ስለ ወንዙ ታወራልኛለህ። አብሬህ ብሞት እንኳ ስለ ወንዙ እያወራህልኝ ነበር የምሞተው። የወረድኩት ፈርቼ አይደለም፣ ቬኒያ። እስክትነግረኝ ልጠብቅ ብዬ ነው። ክረምቱን ሙሉ በእያንዳንዱ ምሳ ጠበቅኩህ። ዛሬም የተሳፈርኩት መንገድ ላይ ይነግረኛል ብዬ ነው።»

ቬኒያሚን መሪውን እንደጨበጠ ነው። አሁን አንድ ቃል ብቻ ነበር የሚያስፈልገው፤ ከአፉም ደጃፍ ደርሶ ነበር። ሃያ ሁለት ዓመት ግን ቀላል ነገር አይደለም። ከኋላ የተቀመጠው ሰው ምንም ማወቅ የለበትም።

«መንገዱ ረጥቦ ነው» አለ።

ሪማ ራሷን ነቀነቀች። ከቦርሳዋ ስልኳን አውጥታ ዙልፋትን ጠራችው፤ ባሏን ሳትወቅስ፣ የት እንዳሉ ብቻ ነገረችው። ዙልፋት ሩቅ አልነበረም፤ አልሱን ጎጆዋ አድርሶ ወዲያው ተመልሶ መጣ። መኪናውን ከመንገዱ ማዶ አቆመ። ሪማ ችግኞቿን ይዛ ተሻግራ ከኋላ ተቀመጠች። ቬኒያሚን ላዳዋን ቆልፎ፣ ግንዱን ከጎማዋ ሥር አድርጎ፣ ጭቃውን በረጃጅም እርምጃ አቋርጦ መጣና ከሚስቱ ጎን ገባ። መስኮት መስኮቱን ያይ ጀመር።

ዙልፋት ሊነዳ ዞር ሲል አየው። ሪማም አየችው። የቬኒያሚን ቀኝ እግር በካልሲ ብቻ ነው። ጫማው ላዳዋና መንገዱ መካከል ጭቃው ውስጥ ተውጦ ቀርቷል፤ ዝይዎቹ እየዞሩ ያሸቱታል። ዙልፋት አፉን ሊከፍት ሲል ሪማ ጭንቅላቷን በቀስታ ግራና ቀኝ አነቃነቀች። ዙልፋት ማርሽ አስገባ።

ወደ ሶስኖቭካ ተመለሱ። ሪማ ያንን የረጠበ ካልሲ እያየች ሄደች፤ ካልሲው የእሷ ስፌት ነበር። ምናልባት አሁን ይነግረኛል አለች በልቧ፣ ምናልባት ከመሻገሪያው በኋላ፣ ምናልባት ደጃፉ ላይ ሲያየው። ደጃፋቸው ደረሱ። ቬኒያሚን በሩን ከፍቶ ወረደ፣ ቀና ብሎ ቆመ፣ ከዚያ እንደ ልማዱ ፈጠን ብሎ ወደ እግሩ ተመለከተ። ለረጅም ጊዜ ተመለከተ። ሪማ ችግኞቹን አቅፋ ከጎኑ ቆማ ነበር፤ ለመስማት እንደሚዘጋጅ ሰው ጆሮዋን የሸፈነውን ሻርፕ እንኳ ወደ ኋላ ገፋ አድርጋዋለች።

ቬኒያሚን ወደ ሾፌሩ መስኮት ጎንበስ አለ።

«ዙልፋት፣ ጫማዬን እዚያ የተውኩት ሆን ብዬ ነው» አለው። «ጭቃው መኪናህን እንዳያበላሽብህ።»

ሪማ ሻርፗን አስተካክላ ደረጃውን መውጣት ጀመረች።